የእማዬ ጣሳ ስንት ግራም ነው?

ቅዳሜ ማታ

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ታላቅ እህቴ ከአሜሪካ ደወለችና እማዬን የአጋም ማርማላታ አሠራሯን ጠየቀቻት። ጾም ሊገባ ነው። ልጆቿ ጠዋት ጠዋት ዳቦውን በምን እንደሚበሉ አሳስቧታል። እማዬ ለአፍታ እንኳን ሳታስብ መለሰች። «ሁለት ጣሳ አጋም፣ አንድ ጣሳ ስኳር፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ። ወፈር ሲልልሽ ታወርጂዋለሽ።» አለቀ።

እህቴ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እማዬ፣ በየትኛው ጣሳ?» አለቻት።

«በጣሳው ነዋ ልጄ።»

እኔ ጎኗ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ለእኔና ለእማዬ ጣሳው አንድ ነው፤ ማድ ቤት መደርደሪያው ላይ ከጨው ዕቃው አጠገብ የሚቀመጠው። እህቴ ግን ከባሕር ዳር ከወጣች ብዙ ዓመት ሆኗታል። እጇ ላይ ያለው የፕላስቲክ መለኪያ ኩባያ ነው። አጋምም የላትም። ሱፐርማርኬት ስትገባ የምታገኘው ብሉቤሪ ነው፤ እሱ ደግሞ በክብደት ታሽጎ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ ከጣሳ ወደ ግራም፣ ከግራም ደግሞ ወደ እሷ ኩባያ የሚያሻግርላት ሰው ያስፈልጋል። «ተይው እታለም፣ እኔ መዝኜ እልክልሻለሁ» አልኳት።

ይሄ ማስታወሻ የዚያ ሥራ ነው። የሠራሁትን በሠራሁበት ቀን እጽፋለሁ። ችግሩ የእኛ ቤት ብቻ ስላልሆነ ለሌላውም ይጠቅማል። ገበያው በኪሎና በጣሳ ይሸጣል፣ ስልካችን ላይ የምናየው የኬክ አሠራር በኩባያ ያወራል፣ ቤታችን ያለው ደግሞ ሲኒና የሻይ ብርጭቆ ነው። በመሀል ስንት እንጆሪ፣ ስንት ስኳር እንደሚባክን የጋገረ ሰው ያውቀዋል።

እሑድ

ዛሬ ፍሬ የለም። ዕቃ ብቻ ነው የለካሁት።

መጀመሪያ ሚዛኔን ማመን ነበረብኝ። እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ነው፣ ለኬክ ብዬ የገዛሁት። ሰፈራችን ካለው ሱቅ ጋሼን ለምኜ የግማሽ ኪሎ የሚዛን ድንጋይ ተዋስኩ። ሳስቀምጠው 501 አለ። አነሳሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት፣ 500። ለማርማላታ ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ጣሳው። በደንብ አይቼው የማላውቀውን ዕቃ ዛሬ በእጄ አገላብጬ አየሁት። የምን ጣሳ እንደነበረ የሚናገር ወረቀት ከላዩ ከለቀቀ ቆይቷል። አፉ ድሮ እጅ ይቆርጥ ስለነበር እማዬ በድንጋይ ሞርዳዋለች፤ ጣት ሲያልፍበት ልስልስ ይላል። በአንድ በኩል ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው፣ አንድ ጊዜ ከእጄ ወድቆ የተመታው ነው። ከሥሩ ደግሞ ቀለበት የመሰለ ዝገት። እማዬ የምስሩን፣ የሩዙን፣ የስኳሩን ልክ በዚህ ጣሳ ነው የያዘችው። ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ የቤታችን ምግብ ግማሹ ልኩ አብሮ ይጠፋ ነበር።

ምን ያህል እንደሚይዝ ለማወቅ የተጠቀምኩት ውኃ ነው። ባዶውን ጣሳ ሚዛን ላይ አስቀምጬ ዜሮ አደረግኩት፣ ከዚያ አፉ ድረስ ውኃ ሞላሁ። የውኃ አንድ ግራም አንድ ሚሊ ሊትር ስለሆነ ሚዛኑ የሚናገረው ግራም በቀጥታ የዕቃው ይዘት ነው። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ 426፣ 428፣ 429። 428 ብዬ ያዝኩ። እንዲህ ከሆነ መለኪያ የሌለው ሰው የለም ማለት ነው፤ ውኃና ሚዛን ካለ ማንኛውም ዕቃ መለኪያ ይሆናል።

እጄ ከገባ ብዬ ሌላውንም ለካሁ። የቡና ሲኒያችን እስከ አፉ 75 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ሦስት ሲኒ ማለት ወደ አንድ ኩባያ ገደማ ነው። የሻይ ብርጭቆው 160። ከገበያ የገዛሁት የፕላስቲክ መለኪያ ግን አስደነገጠኝ። 250 ከሚለው መስመር ላይ ውኃ ሞልቼ ብመዝነው 243 ብቻ ሆነ። ስንት ኬክ ሠርቼበታለሁ! አሁን በማርከር ትክክለኛውን መስመር ከፍ አድርጌ አሰመርኩበት።

ሌላም ነገር አለ። «አንድ ኩባያ» ሲባል ራሱ አንድ አይደለም። የአሜሪካው ኩባያ 237 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ የምግብ ማሸጊያቸው ላይ ደግሞ 240 ብለው ይቆጥሩታል። አውስትራሊያና ሌሎች አገሮች 250 ይጠቀማሉ። የእህቴ 237ቱ ነው። ልዩነቱ 13 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ግን አምስት ስድስት ኩባያ ሲሆን ይጠራቀማል።

ሰኞ

ስኳር። አጭር ሥራ ነው ብዬ ነበር።

እማዬ ጣሳውን ስኳር ስትሞላ በቢላ ጀርባ አፉን ትጠርገዋለች። እንደሷ አድርጌ መዘንኩት፣ 364 ግራም። ከዚያ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ሦስት አራት ጊዜ ጠብ ጠብ አድርጌ፣ የጎደለውን ሞልቼ፣ እንደገና ጠረግኩት። 390! ያው ጣሳ፣ ያው ስኳር፣ 26 ግራም ልዩነት። መታ መታ ስናደርገው ቅንጣቶቹ ይጠጋጋሉ፣ በመሀላቸው የነበረው አየር ይወጣል። ዱቄት ላይማ ይሄ ይብሳል።

እማዬን ጠየቅኳት። «አልመታውም፣ ለምን እመታዋለሁ» አለች። ስለዚህ 364 ነው።

ረቡዕ

አጋም በዚህ ሳምንት መሀል አላገኘሁም። በእንጆሪ ልለማመድ ብዬ ለእህቴ መልእክት ላክሁላት። «ዛሬ እንጆሪ እመዝናለሁ።» ስትመልስልኝ «ጎበዝ፣ እዚህም ብላክቤሪ ሞልቷል» አለች። ለካ እሷ ያሰበችው ድሮ ከወንዙ ዳር እሾሁ እየቧጨረን የምንለቅመውን የዱር እንጆሪ ነው፤ እኔ ያልኳት ደግሞ ሰዉ ስትሮበሪ የሚለውን፣ ኬክ ላይ የሚቀመጠውን። በእኛ ቋንቋ ሁለቱም እንጆሪ ናቸው። በሚዛን ግን አንድ አይደሉም፣ በተለይ ተቆርጠው ኩባያ ሲገቡ። ስለዚህ አሠራር የምትጽፉ ሰዎች የትኛውን እንጆሪ እንደሆነ አንድ ቃል ጨምሩ፣ እባካችሁ።

ጓሮዋ ከምታለማ ጎረቤታችን ግማሽ ኪሎ ገዛሁ። ሳላጥብ፣ ቅጠሉን ሳልነቅል ሚዛን ላይ ልክ 500። ቅጠሉን ነቅዬ፣ የላሸቀችውን አንድ ሁለት ፍሬ አውጥቼ 462 ቀረኝ። ይሄ መታወስ አለበት። አሠራሩ «500 ግራም የተዘጋጀ እንጆሪ» የሚል ከሆነ ግማሽ ኪሎ ገዝቶ መሄድ ያጎድላል።

አጥቤ ወዲያው ብመዝነው ደግሞ 478 ሆነ። የጨመረው እንጆሪ አይደለም፣ ላዩ ላይ የቀረው ውኃ ነው። ንጹሕ ጨርቅ ላይ አንጥፌ፣ የሐይቁ ነፋስ በመስኮት እየገባ ሲያደርቀው ወደ ቦታው ተመለሰ።

ከዚያ ዋናው ሥራ። ባስተካከልኩት 250 ሚሊ ሊትር መስመር ድረስ ሙሉ ሙሉውን ፍሬ ጨመርኩ፣ ሳልጫን። 149 ግራም። ገልብጬ እንደገና ሞላሁ፣ 141። እንደገና፣ 156። እንደገና፣ 146። እንደገና፣ 151። ምንም አልቀየርኩም፤ ፍሬዎቹ የተቀመጡበት አኳኋን ብቻ ነው የተለወጠው። አንድ ትልቅ እንጆሪ አግድም ከተቀመጠ ጎኑ ላይ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ቀጥ ብሎ ከገባ ሌላ ትንሽ ፍሬ ከጎኑ ይገባል።

ለሁለት ለሁለት ስሰነጥቃቸው 161 ገባ። በስሱ ስቆርጣቸው 174። በሹካ ጨፍልቄ ስሞላው 246፣ ውኃ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ይሄን ሳይ ነገሩ ሁሉ ቁልጭ አለልኝ። እንጆሪው ራሱ አልከበደም፣ አልቀለለም። አንድ እንጆሪ ከውኃ ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው። ኩባያው ውስጥ አብሮት የነበረው አየር ነው የሚቀንሰው። ክብ ክብ ነገር በዘፈቀደ ዕቃ ውስጥ ሲፈስ ከቦታው ከ60 እስከ 64 በመቶውን ብቻ ነው የሚይዘው፣ የቀረው ባዶ ነው። ፍሬው ትልቅ፣ ዕቃው ጠባብ ሲሆን ደግሞ ከግድግዳው ጋር የሚቀረው ክፍተት ይበዛል። ሲቆረጥ ክፍተቱ ይሞላል። ሲጨፈለቅ ክፍተት የሚባል ነገር የለም።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ መረጃም ለአንድ ኩባያቸው ይሄንኑ ይላል። ሙሉ እንጆሪ 144 ግራም፣ ለሁለት የተሰነጠቀ 152፣ የተቆራረጠ 166፣ የተፈጨ 232። የእኔ ዕቃ ከእነሱ ትንሽ ስለሚበልጥ ቁጥሬም ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አንድ ነው። ስለዚህ «ሁለት ኩባያ እንጆሪ፣ ተቆራርጦ» እና «ሁለት ኩባያ የተቆራረጠ እንጆሪ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ለክተህ ቁረጥ ነው፣ ሁለተኛው ቆርጠህ ለካ። በሁለት ኩባያ ከ40 ግራም በላይ ይለያያሉ። ኬኩ መሀሉ ሊጥ ሆኖ የሚቀረው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ቅዳሜ

በጠዋት ገበያ። ጎመኑንና ቃሪያውን አልፌ ፍሬ ወደሚሸጡት እናቶች ሄድኩ። ከዘጌ በኩል የመጡ አንዲት እናት በሰፌድ አጋም ይዘዋል፣ ጥቁር ሐምራዊ፣ ጠዋት የተለቀመ። እጃቸው ላይ የእሾሁ ጭረት ይታያል። የሚሰፍሩት በራሳቸው ጣሳ ነው፣ ከእኛው አጠር ያለ። «እማማ፣ ይመርቁልኝ» አልኳቸው። ሳቅ ብለው አንድ እፍኝ ሙሉ ጨመሩልኝ። ስምንት ጣሳ ገዛሁ።

ቤት ስገባ እማዬ ሰፌዱን ተቀበለችኝና መልቀም ጀመረች። ገና ቀይ የሆነውን ለብቻ ታወጣለች። ያልበሰለ አጋም ሲሰነጠቅ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል፤ ከንፈር ላይ ይጣበቃል፣ ድስት ላይም ይጣበቃል፣ ጣዕሙንም ያኮመትረዋል። እሾሁን እያየች «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» አለች፣ የሻጯን እጅ ስነግራት።

አሁን ልኩ። መጀመሪያ ጣሳውን እስከ አፉ ብቻ ሞልቼ ጠረግኩት፤ 266 ግራም። ለእህቴ ይሄን ልጽፍ ስል እማዬ አየችኝና «እንደሱ አይደለም» አለች። ጣሳውን ከእጄ ወሰደች። በግራ እጇ አፉን ከበብ አድርጋ በቀኝ እጇ አጋሙን ቀስ እያለች ጫነችበት። ከአፉ በላይ እንደ ጎጆ ጣሪያ ሾጠጥ እስኪል። አንድ ፍሬ ተንከባልሎ ሲወድቅ አቆመች። «ይሄ ነው ጣሳ።»

በሕይወቴ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ስኳሩ ተጠርጎ፣ አጋሙ ተከምሮ። ለእህቴ ስትነግራት ግን ሁለቱም «ጣሳ» ናቸው። መከመሩን ለመናገር አላሰበችም፣ ምክንያቱም ለእሷ ፍሬ ሲባል የሚሰፈረው እንደዚያ ነው።

አምስት ጊዜ አስከመርኳት። 318፣ 331፣ 325፣ 322፣ 329። አማካዩ 325። ቁጥሮቹን ዞር ብዬ ከረቡዕ ጋር ሳስተያይ ዝም አልኩ። እኔ በተሰመረ ኩባያ እንጆሪ ስለካ ከትንሹ እስከ ትልቁ 15 ግራም ተለያይቶብኛል፣ ከ150 ግራም ላይ። እማዬ ምንም መስመር በሌለው ክምር፣ ከ325 ግራም ላይ፣ 13 ግራም ብቻ። አጋም ትንሽ ፍሬ መሆኑ ረድቷታል፣ እሱ እውነት ነው። የቀረው ግን የእጇ ነው። እኔ ስከምር አማካዬ 297 ነበር። ፍሬው ይወድቅብኛል።

ክምሩ ሌላም ጣጣ አለው። በጣሳው ሲከመር ከተጠረገው 22 በመቶ ይጨምራል። በ250ው ኩባያ ስሞክረው ግን ከ155 ወደ 183፣ ማለትም 18 በመቶ ብቻ። አፉ ጠበብ ስለሚል የሚሸከመው ክምር ያንሳል። «ሁሉንም በአንድ ዕቃ እስከለካሽ ድረስ ጣሳም በይው ኩባያም በይው ልኩ አይፋለስም» የሚባለው እውነት ነው፣ ሁለቱም ከተጠረጉ። አንዱ ተጠርጎ አንዱ ሲከመር ግን ዕቃው ሲቀየር ልኩም ይቀየራል።

ስለዚህ የእማዬ አሠራር በግራም ይሄ ነው። አጋም 650፣ ስኳር 364። ለ100 ግራም አጋም 56 ግራም ስኳር። እህቴ የስልኩን ቃል ይዛ በራሷ ኩባያ ሁለት ጥርግ ብሉቤሪና አንድ ጥርግ ስኳር ብትጨምር 296 ግራም ፍሬና 200 ግራም ስኳር ይሆንባታል። ለ100 ግራም 68 ግራም ስኳር። የእማዬን ማርማላታ ለሚያውቅ ሰው ያ ሌላ ነገር ነው፤ የአጋሙ ኮምጠጥ ማለት ይሞታል።

እሑድ

የመጀመሪያው ድስት ተበላሸ። ከነምክንያቱ እጽፈዋለሁ።

650 ግራም አጋም በግማሽ ኩባያ ውኃ አፈላሁ፣ ሲፈርስ በወንፊት አጠለልኩ። ዘሩና ልጣጩ ቀረ፣ ወፍራም ሐምራዊ ጭማቂ ወረደ። ስኳሩንና ሎሚውን ጨምሬ ጣድኩት። አንድ አሠራር ላይ ማርማላታ 105 ዲግሪ ሲደርስ ይወጣል የሚል አንብቤ ስለነበር ቴርሞሜትሬን ይዤ ጠበቅኩ። 98፣ 99፣ 100... ቶሎ አልወጣ አለኝ። ድምፁ ተቀየረ፣ አረፋው ትልልቅና ከባድ ሆነ። 103 ላይ የተቃጠለ ስኳር ሸተተኝና አወረድኩት። ሲበርድ ማንኪያ አያስገባም፣ ከረሜላ ሆኗል።

ስህተቱ የመለኪያው አይደለም፣ የቦታው ነው። ያ 105 ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ውኃ እዚህ 100 ላይ አይፈላም። ውኃ ብቻ ጥጄ ቴርሞሜትሩን ብከት 94 ላይ ተንተከተከ። ማርማላታ የሚወጣው ውኃ ከሚፈላበት ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ሲያልፍ ነው። እዚህ ያ ማለት 98 ወይም 99 ነው። እኔ እስከ 103 አቆየሁት። ድስቱን ስመዝነው ከውስጡ የቀረው 540 ግራም ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ድስት ለእማዬ ሰጠኋት። መብራት ስለጠፋ በከሰል ነው የሠራችው። ቴርሞሜትር አላስነካኋትም። ማማሰያውን ከፍ እያደረገች ታያለች፤ መጀመሪያ ጠብ ጠብ ይላል፣ ቀጥሎ ሁለት ጠብታ ጫፉ ላይ ይገናኛል፣ በመጨረሻ ተያይዞ እንደ መጋረጃ ይወርዳል። «አውርጂው» አለችኝ። ወዲያው ጣውላ አንጥፌ ድስቱን ሚዛን ላይ አስቀመጥኩ። ባዶውን ድስት ቀድሜ መዝኜው ነበር፣ 1,210 ግራም። አሁን ከነማርማላታው 1,848። ሲቀነስ 638።

ይሄኛው ቁጥር ነው የሳምንቱ ትልቁ ግኝቴ። መጨረሻውንም በግራም መናገር ይቻላላ! ከ650 ግራም አጋምና ከ364 ግራም ስኳር ተነስቶ ድስቱ ውስጥ 640 ገደማ ሲቀር ማርማላታው ደርሷል። ውኃው ተንኖ ስኳሩ ድርሻው ሲጨምር ነው የሚወፍረው፤ ከፍሬው ከራሱ የሚመጣው ስኳር ሲታከልበት ከጠቅላላው 65 በመቶ አካባቢ ይሆናል። ዲግሪው ከቦታ ቦታ ይለያያል። ግራሙ ግን ጣና ዳርም ሆነ ባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ አንድ ነው። እህቴ የምትኖረው ባሕር ጠለል ላይ ነው፤ እሷ ጋ ቴርሞሜትሩ 104 ወይም 105 ሲል የእኔው 99 ይላል፣ ድስቱ ውስጥ ያለው ግን ያው 640 ነው።

በሦስተኛው ድስት እማዬን አልጠራኋትም። 1,850 ሲል አወረድኩት። ለአራት ጊዜ ያህል እያወጣሁ መመዘን ነበረብኝ፣ ያ ትንሽ ያደክማል። ሲበርድ አቀመሰችው። ዳቦ ላይ ቀባች፣ ቁራሹን ጨረሰች፣ ሌላ ቆረሰች።

ማክሰኞ

የእህቴ ፍሬ ተራ ደረሰ። አጋም እንደማታገኝ ስለምናውቅ ምን ይተካዋል የሚለውን በስልክ ተወያየን። ብሉቤሪ ጣፋጭ ነው ግን አይኮመጥጥም። ክራንቤሪ በጣም ይኮመጥጣል። ሁለቱን ቀላቅዪ አልኳት። እማዬም በቪዲዮ አየቻቸውና በመልክ ብሉቤሪውን ወደደችው።

እዚህ ላይ ነው ኩባያ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት የሚታየው። በእሷ ኩባያ አንድ ሙሉ ብሉቤሪ 148 ግራም ነው፣ ብላክቤሪ 144፣ ራስቤሪ 123። ሙሉ ክራንቤሪ 100 ብቻ። ራስቤሪ ሲለቀም እንብርቱ ተክሉ ላይ ስለሚቀር ውስጡ ክፍት ነው። ክራንቤሪ ደግሞ ልጣጩ ውስጥ አራት የአየር ክፍሎች አሉት፤ ለዚህ ነው ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው። ስለዚህ ኩባያው ውስጥ ከፍሬዎቹ መሀል አየር አለ፣ ከፍሬው ውስጥም አየር አለ።

650 ግራም ብሉቤሪ ብቻ ቢሆን 4 ኩባያ ተኩል ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። 450 ብሉቤሪና 200 ክራንቤሪ ሲሆን ግን 3 እና 2፣ በድምሩ 5 ኩባያ ይሆናል። ክብደቱ አንድ ነው፣ ኩባያው ይለያያል። ሚዛን ባይኖራት ይሄን ሁሉ ማስላት ነበረባት። «እታለም፣ ሚዛን ግዢ» አልኳት። ገዝታለች።

የበረዶ ፍሬ ብትጠቀምም ችግር የለውም፣ ግን በረዶ እንዳለ ትመዝነው። ከቀለጠ በኋላ ይላሽቃል፣ ጭማቂውም ይወጣል፤ ጭማቂውን ደፍታ ፍሬውን ብቻ ከመዘነች ልኩ ተፋለሰ። ማሸጊያው ላይ ፓውንድ ካለ ደግሞ አንድ ፓውንድ 454 ግራም ነው።

ዛሬ ማታ ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፌ ቁም ሣጥኑ በር ላይ ከውስጥ በኩል ለጠፍኩት፣ ፎቶውንም ላክሁላት። ጣሳው ውኃ 428፤ ስኳር ተጠርጎ 364፤ አጋም ተጠርጎ 266፣ ተከምሮ 325። ሲኒ 75። ድስቱ ባዶውን 1,210፣ ሲወርድ 1,850። እማዬ አነበበችውና «የምስሩንም ጻፊው» አለች። የምስሩም ተጠርጎ ነው የሚሰፈረው፣ ሽሮው ግን ተከምሮ። እነሱን በሚቀጥለው ሳምንት እመዝናለሁ።

ዓርብ

እህቴ ሠራችው። የእሷ ድስት ባዶውን 1,640 ስለሆነ 2,280 ሲል ማውረድ ነበረባት። 2,300 ላይ ከማማሰያው ተያይዞ ወረደልኝ ብላ አወረደችው። የክራንቤሪ ልጣጭ የሚያረጋ ነገር ስላለው ከአጋሙ ቀድሞ ነው የወፈረው። ሲበርድ ጥሩ ረጋ። ቪዲዮ ደውላ ማሰሮውን ዘቅዝቃ አሳየችን፣ ንቅንቅ አላለም። ልጆቹ ከኋላ ዳቦ ይዘው ይጠብቃሉ።

እማዬ ስክሪኑ ላይ ተጠግታ ቀለሙን አየች። «ትንሽ ቀልቷል» አለች። እህቴ ቀምሳ «ኮምጠጥ ማለቱ ልክ ነው፣ ግን ክራንቤሪው ትንሽ ይጮኻል» አለች። ተነጋገርን። ለሁለተኛው ድስት ብሉቤሪውን 500፣ ክራንቤሪውን 150፣ ስኳሩን እንዳለ 364 አድርጋ ነገ ትጥዳለች።